ጋሌራ ላይ የዋለ ፍልሰታ

ባለቤቴ ኃይለመለኮት ባሕረኛ ነው። ሮም ውስጥ ይህን ለሐበሻ ስናገር መጀመሪያ ይስቃሉ፣ ቀጥለው "የየት አገር ባሕር?" ይሉኛል። እሱ ዝም ይላል። ለእኔ ግን ዝምታ አልተፈጠረልኝም። ምጽዋ ወደባችን በነበረችበት ዘመን ገና ጎረምሳ ሳለ ባሕር ኃይል እንደ ገባ፣ ወጣትነቱን በመርከብ ሞተር ክፍል ውስጥ ከዘይትና ከሙቀት ጋር እንደ ጨረሰ፣ በሰማንያ ሦስት መንግሥት ሲፈርስ ከአሰብ በሸሸች መርከብ የመን እንደ ገባ፣ አንድ በአንድ ነግሬ ነው የምለቃቸው።

ስለዚያ ጉዞ የነገረኝ ጥቂት ነው። መርከቧ ከአቅሟ በላይ ወታደርና ቤተሰብ ጭናለች። እሱ ከታች ሞተሩ ዘንድ ነው፤ ከላይ ሰው እንዳይወርድ መውጫውን ዘግተውበታል። ተኩስ ይሰማል፣ ለቅሶ ይሰማል፣ የሚታይ ነገር ግን የለም። እዚያ ሆኖ ለእመቤታችን ተሳለ፤ "ከዚህ በሕይወት ካወጣሽኝ፣ ፍልሰታን እህልም ውሃም ሳልቀምስ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾምልሻለሁ፤ እስክሞት ድረስ" አለ። ወጣ። ከዚያ ወዲህ ነሐሴ በገባ ቁጥር እንደ ቃሉ ይጾማል። ሮም መጥቶ በባዳንቴነት የሰው ሽማግሌ ሲጦር እንኳ፣ በዚያ በነሐሴ እሳት፣ አንድም ሰው ሳያውቅበት ጾሟል። ጾም ካወሩት ጾም አይደለም ባይ ነው። ስለቱን የምናውቀው እሱ፣ እኔና እመቤታችን ብቻ ነበርን።

ይህ ሁሉ መልካም ነበር፤ ስኳር እስኪያገኘው ድረስ። ሐኪሟ "ኪኒኑን ውጦ ሳይበላ ከዋለ ስኳሩ ይወርድና ይጥለዋል፤ አጠገቡ ሰው ከሌለ ላይነሣም ይችላል" ስትል የሰማኋት እኔ ነኝ፤ እሱ መስኮት መስኮቱን ያይ ነበር። ሁለት ጊዜ ቤት ውስጥ ወድቆብኛል። ምልክቱን አውቀዋለሁ። መጀመሪያ በእጁ ጀርባ ጢሙን ይጠርጋል፣ ደግሞ ይጠርጋል፣ ምንም ሳይኖርበት። ቀጥሎ የማይገናኝ ነገር ያወራል። ከዚያ ጉልበቱ ይከዳዋል። "የንስሐ አባትህን ጠይቅ፤ ሕመምተኛ ጾም የለበትም ይሉሃል" ስለው፣ "እንደሚሉኝማ አውቃለሁ፤ ለዚህ አይደል የማልጠይቃቸው?" ይለኛል። እንዲህ ካለ ሰው ጋር ነው የምኖረው።

እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በባቡር ኦስቲያ መውረድ ልማዱ ነው። አይዋኝም፣ አሸዋው ላይ አይጋደምም፤ ጫማውን ሳያወልቅ ቆሞ ባሕሩን ዐይቶ ይመለሳል። እኔም "ካለፈው ሳምንት ወዲህ ምን ጨመረ?" እያልኩ አበሽቀዋለሁ። በዚያ ዓመት ግን የሚያየው ነገር ተገኘ። የሰፈሩ ማኅበር ለፌራጎስቶ በዓል ትርኢት ሊያሳይ፣ በሁለት አሮጌ የዓሣ ጀልባዎች ላይ አንዲት ጋሌራ ሠርቷል። ጋሌራ የድሮ የጦር መርከብ ናት፤ ረጅም፣ ጠባብ፣ በሰው ጉልበት የምትሄድ፣ እያንዳንዱን መቅዘፊያ ሦስት ሦስት ሰው የሚጎትተው። በጥንት ጊዜ የባሕር ወንበዴዎች ከሰሜን አፍሪካ እየመጡ፣ ከዚህ ዳርቻ ሰው ከወይን ቦታው አፍሰው ሲወስዱ፣ የሚያሳድዷቸው የጳጳሱ ጋሌራዎች ነበሩ አሉ። ቀዛፊዎቹም በእግር ሰንሰለት የታሰሩ ወንጀለኞችና ምርኮኞች ናቸው። የሚያሳድደውም የሚሸሸውም በታሰረ ሰው ጉልበት ነው እንግዲህ። የማኅበሩ ሰብሳቢ ሲኞር ኦሬስቴ ይህን ሲተርክ ዓይኑ ያበራ ነበር።

ቀዛፊ ከየት ይምጣ? ከሮም ዳርቻ፣ ከሮማኒና ሰፈር። እዚያ ትልቁ ሕንፃ ውስጥ ከሚኖሩት ስደተኞች መካከል ጉልበት ያላቸውን ቀጠሯቸው። አንዱ ቅዱስ ይባላል፤ የጎንደር ልጅ፣ ከሊቢያ በላስቲክ ጀልባ የመጣ፣ ዋና የማያውቅ፣ ባሕር ሲያይ ፊቱ የሚለዋወጥ። "ታዲያ ለምን ገባህበት?" ብለው፣ "ሥራ ነዋ፣ እትዬ የሻረግ" አለኝ።

ኃይለመለኮት ሲለማመዱ ከዳር ሆኖ ያያቸዋል። አንዱ ሲጎትት አንዱ ይገፋል፤ መቅዘፊያው ከመቅዘፊያ ይጋጫል። ጥቂት እሑድ ታገሠ። አንድ ቀን ግን ከነጫማው ውሃው ውስጥ ገባና፣ "ኧረ በእመቤቴ! አንድ ሰው ተከተሉ! አንድ ሰው!" ብሎ ጮኸባቸው። ከተጋባን ጀምሮ እንዲህ ሲጮኽ ሰምቼው አላውቅም። ኦሬስቴ ስቆ፣ ሌሎቹ ሁሉ ዐይተው የሚከተሉት መሪ ቀዛፊ ከሚቀመጥበት ቦታ አስቀመጠው። ከዚያ በኋላማ ጋሌራዋ መሄድ ጀመረች።

እኔ ተናደድኩ። "የባሕር ኃይል ሰው ሆነህ፣ ሰንሰለት አስረው እንደ ባሪያ ለፈረንጅ ያሳዩህ?" አልኩት።

"ባሪያ አይደለሁም፤ ቦናቮሊያ ነኝ" አለኝ ኮራ ብሎ። ኦሬስቴ እንደ ነገረው ከቀዛፊዎቹ መካከል ተገዶ ሳይሆን ወዶ የገባው ቦናቮሊያ ይባላል። ሌላው ሙልጭ ተደርጎ ሲላጭ እሱ ጢሙ አይነካም።

"እሱስ አይታሰርም?"

"ይታሰራል።"

"ወዶ ገብቶ የሚታሰር ሰው በአማርኛ ምን ይባላል?"

"ባል ይባላል" አለና ሳቀ።

ሳቅኩ፤ ምን ላድርግ። ነገር ግን ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው። ያን ሌሊት ተኝቼ ቀኑን ሳሰላው ደነገጥኩ። ፌራጎስቶ ነሐሴ ዘጠኝ ላይ ነው የሚውለው። እነሱ የእመቤታችንን ዕርገት በሚያከብሩበት ቀን እኛ ገና በፍልሰታ ጾም እኩሌታ ላይ ነን። ያ ማለት ባለቤቴ በስድሳ ዓመት ደጃፍ፣ ከነስኳሩ፣ እህልም ውሃም ሳይቀምስ፣ እግሩ ታስሮ ባሕር ላይ ሊቀዝፍ ነው።

"ለኦሬስቴ ንገረው" አልኩት ጠዋት።

"ከነገርኩት ያወጣኛል።"

"እንግዲያው ያን ቀን ብላ። አንድ ቀን!"

"የተሳልኩት ባሕር ላይ ነው፣ የሺ። እንደገና ባሕር ላይ ስወጣ ልሻረው?"

በዚህም አላበቃም፤ አንጀቴን ያውቀዋልና አስማለኝ። "በማርያም አልናገርም በዪ" አለኝ። በማርያም አልናገርም አልኩ። ትርኢቱ በጠዋት ስለሆነ ሙቀቱ ሳይበረታ ያልቃል፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አብረን እንበላለን ብሎ አጽናናኝ። ለመጽናናት ሞከርኩ። የወንበዴዎቹን ሰፋፊ ሱሪዎች እንድሰፋ ኦሬስቴ ሰጥቶኝ ነበርና፣ መርፌውን በያዝኩ ቁጥር ጣቴን እወጋለሁ።

ዋዜማውን ከጉጉቱ ብዛት ራቱን ነካክቶ ተወው። ኪኒኑን ግን ዋጠ። "ካልበላህ አትዋጠው" ብል፣ "በልቻለሁ" አለኝ። ሁለት ጉርሻ መብላት ከሆነ በልቷል።

በማግሥቱ ኦስቲያ ዳርቻ በሰው ተጨናንቆ ነበር። ቀዛፊዎቹ በጠዋት ጋሌራዋ ላይ ወጥተው፣ እግራቸው ከመቀመጫው ጋር ታስሮ፣ ሕዝብ እንዲያያቸው እዚያው ከዳር ተቀመጡ። ሰንሰለቱ በእጅ የሚፈታ መንጠቆ አለው፤ ኃይለመለኮት ራሱ እያንዳንዱን ፈትሿል። ይህ ሌሎቹን ያጽናና ይሆናል። ራሱን የሳተ ሰው ግን መንጠቆውን በየትኛው እጁ ነው የሚፈታው? የመንሳፈፊያ ሰደርያውም "ብርቱካናማው ቀለም የድሮውን ዘመን ያበላሻል" ተብሎ ከየመቀመጫው ሥር ተወሽቋል።

ሊጀመር ሲል የወንበዴዎቹ ጀልባ ምሰሶ ተሰበረ። "አሎራ፣ እንግዲህ ትንሽ ጠብቁ" አለ ኦሬስቴ። ያ ትንሽ ስድስት ሰዓት አለፈው፣ ሰባት ሰዓትም አለፈው። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ለቀዛፊዎቹ ውሃ ሲያድሉ፣ ኃይለመለኮት ጠርሙሱን ወደ ከንፈሩ ጠጋ አድርጎ አጠገቡ ለተቀመጠው ለቅዱስ ሲያቀብለው አየሁት። ከዳር እስከ ጉልበቴ ውሃ ውስጥ ገብቼ፣ "ኃይሌ፣ ደኅና ነህ?" አልኩ።

"ቫ ቤኔ፣ ደኅና ነኝ!" ብሎ እጁን አውለበለበልኝ። ድምፁ ደኅና ነበር። እኔ ነኝ እንጂ ደኅና ያልነበርኩት።

ምሰሶው ታሰረና ከበሮው ተመታ። ኦሬስቴ የትርኢቱን ልብስ ከምጠብቅበት ድንኳን አጠገብ ነው የቆመው፤ ተራኪው በማይክሮፎን ለሕዝቡ ይተርካል። ከውጊያ በፊት በድሮው ደንብ የሚደረግ አንድ ነገር አለ። አብሳዩ በመካከል እየሄደ፣ ጣፋጭ ወይን ውስጥ የተነከረ ደረቅ ብስኩት በየቀዛፊው አፍ ይከታል፤ ብርታት እንዲሆናቸው። የኦሬስቴን የሩቅ ማሳያ መነጽር ለምኜ ተመለከትኩ። ሁሉም ጎረሱ። ኃይለመለኮት ጎረሰ። አብሳዩ ፊቱን ሲያዞር ግን ከአፉ አውጥቶ መቀነቱ ውስጥ ሸጎጠው። ማርያምን፣ እዚያው ዋኝቼ ሄጄ በጥፊ ባልኩት ደስ ባለኝ።

ከዚያ መቅዘፍ ጀመሩ። እውነቱን ልናገር፣ ለጥቂት ጊዜ ፍርሃቴን ረሳሁት። ወደ ፊት ሲያጎነብስ ሁሉም ያጎነብሳሉ፤ ወደ ኋላ ሲለጠጥ ሁሉም ይለጠጣሉ። ለዘመናት የሰው ሽማግሌ ደግፎ ያነሣ ክንድ ያን ሁሉ መቅዘፊያ ይመራል። "የየት አገር ባሕር?" ያሉኝ ሰዎች እዚያ በኖሩ አልኩ። ወንበዴዎቹ ማዕበል ወደሚያግደው የድንጋይ ግድብ ሸሹ፤ መድፍ ተተኮሰ፣ ጭሱ ሸፈናቸው። ጋሌራዋ ግድቡ ሳትደርስ መታጠፍ አለባት።

ጭሱ ሲገለጥ ጢሙን ሲጠርግ አየሁት።

ላብ ነው አልኩ። ደግሞ ጠረገው። በዚያ ሙቀት የማይልበው ማን አለ አልኩ። በሦስተኛው ግን እጁ ጢሙን ስቶ ጆሮው ሥር ሄደ፤ አፉም ይንቀሳቀሳል፣ ያወራል። የፈሩት ይደርሳል የሚሉት እውነት ነው። መቅዘፊያው ቀነሰ። በእሱ ጎን ያሉት ልጆች ደግሞ አንድ ሰው ተከተሉ ተብለዋልና እሱን ተከትለው ቀነሱ። የሌላው ጎን ቀዛፊዎች ግን ገና ሳያስተውሉ እንደበረቱ ናቸው። ጋሌራዋ አፍንጫዋን ወደ ግድቡ ማዞር ጀመረች።

"አስቁሙ! ባለቤቴ ታሟል!" አልኩት ኦሬስቴን።

"ረጋ በዪ፣ ሲኞራ፤ ውጊያው እኮ እንዲህ ነው" አለኝ ፈገግ እያለ። ጾመኛ መሆኑን ብነግረው ያምነኛል፤ ምላሴ ላይ ግን መሐላው ተቀምጧል። በማርያም ብያለሁ። ደግሞስ ለእሱ ነግሬው፣ እሱ ለጀልባው፣ ጀልባው እስኪደርስ ማን ይጠብቃል? ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ ተራኪው ላይ ተወረወርኩና ማይክሮፎኑን ከእጁ ነጠቅኩት።

"ኃይለመለኮት!" አልኩ። ድምፄ በዚያ ሁሉ ባሕር ላይ አስተጋባ፤ እኔው ራሴ ደነገጥኩ። "ስኳርህ ወርዷል! ብላ! ቅዱስ፣ ጋሼን ያዛቸው! መቀነታቸው ውስጥ ብስኩት አለ፣ አፋቸው ውስጥ ክተተው! እናንተ ልጆች፣ መቅዘፍ አቁሙ!"

የምናገረው በአማርኛ ስለነበር ሕዝቡ የምርኮኛው ሚስት መሰልኳቸው። ጭብጨባው ቀለጠ። ከአጠገቤ አንዲት ሴትዮ እንባዋን ጠረገች። እኔ ዓይኔን ከመነጽሩ አላነሣሁም። ልጆቹ መቅዘፊያውን ለቀቁ። ቅዱስ በሁለት እጁ አቀፈው፤ ብስኩቱን አውጥቶ ወደ አፉ አስጠጋው። ያ ሰው፣ በዚያም ሁኔታው፣ ጥርሱን ነክሶ ራሱን ወዘወዘ። እንቢ!

ያን ጊዜ የምለውን አስቤ አልነበረም ያልኩት።

"ኃይሌ፣ ስማኝ! ስለቱን እኔ ወስጄዋለሁ! ጾሙም በእኔ፣ ኃጢአቱም በእኔ! እመቤቴ ትስማኝ! አንተ ብላ!"

ቀና አለ። ወደ ዳር ያየ መሰለኝ። ወዲያው ወደ መቀመጫው ሥር ተንሸራቶ ከዓይኔ ጠፋ። በዚህ ጊዜ መቅዘፊያዎቹ ከድንጋዩ ጋር ተገጫጭተው ሲሰበሩ ድምፁ እስከ እኛ ተሰማ፤ ሕዝቡም ይህን ከሁሉ ይልቅ ወደደውና እንደገና አጨበጨበ። ጋሌራዋ አንድ ጎኗን ግድቡ ላይ ተደግፋ ቆመች። ቅዱስ ጎንበስ ብሏል፤ የማየው ጀርባውን ብቻ ነው። ጀርባው አይነግረኝም። መንጠቆውን እየፈታ ይሁን፣ እያለቀሰ ይሁን አላውቅም። አሸዋው ላይ ተቀመጥኩ፤ ማይክሮፎኑ አሁንም እጄ ላይ ነበርና ባሕሩ ሁሉ ትንፋሼን ይሰማል።

ዋና የማያውቀው ቅዱስ መቀመጫው ላይ ቆመና እጁን አነሣ። "እትዬ!" አለ፤ ጩኸቱ ከሩቅ ቀጭን ሆኖ መጣ። "ውጠውታል! ጋሼ ውጠውታል!"

በሞተር ጀልባ አመጡት። የእርዳታ ሠራተኞቹ ጣፋጭ መጠጥ ሰጥተው፣ ደሙን ለክተው፣ ዕድለኛ ነህ አሉት። ኦሬስቴ መጀመሪያ ገርጥቶ ነበር። መትረፉን ሲያይ ግን ወደ እኔ ጠጋ ብሎ፣ የመጪውም ዓመት ትርኢት ላይ የምትጮኸው ሴት ብትኖር ሕዝቡ ደስ ይለዋል አለኝ። የመለስኩለት በአማርኛ ነው፤ እዚህ አልጽፈውም።

በባቡር ወደ ቤት ተመለስን። መሐላዬን በልቻለሁ፤ ከሁሉ ሸሽጎ የያዘውን በድምፅ ማጉያ በትኜበታለሁ። ቤት ገብቶ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። ትንፋሹን እያዳመጥኩ አነጋሁ፤ ተቀይሞኝ ከሆነ፣ ነገ ደግሞ ሳይበላ ቢወጣ ማን አየው እያልኩ።

ሲነጋ ዳቦና ቲማቲም አቀረብኩለት፣ ሻይም ቀዳሁ። ለራሴ አልቀዳሁም። ያለ ቁርስ ዓይኔ እንደማይገለጥ ያውቃል። መጥቶ ተቀመጠና ያልተቀዳበትን ብርጭቆዬን አየ።

"ያልሽውን ሁሉም ሰምቷል" አለኝ።

"ሰምቷል።"

"ውሃም ጭምር ነው።"

"አውቃለሁ።"

"እስከ ዘጠኝ ሰዓት።"

"አውቃለሁ አልኩህ።"

"የሺ፣ እኔ እኮ የተሳልኩት ለዘንድሮ አይደለም። እስክሞት ነው ያልኩት።"

"እሱንማ ሰምቻለሁ" አልኩት። "እስክትሞት ድረስ የምጾመው እንግዲህ እኔ ነኝ። ስለዚህ ብላ፣ ብዙ ዓመት ልጹም።"

ዳቦውን ቆረሰ። ጎርሶ፣ አኝኮ፣ እስኪውጠው ድረስ ዓይኔን አልነቀልኩም።